የእህቴን እንቁላል ብቀበል ሐራም ይሆንብኛል? ስለ አይቪኤፍ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ "አሰላሙ ዐለይኩም ኡስታዝ። 36 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ካገባሁ 8 ዓመት ሆነኝ፣ ልጅ የለንም። ሐኪሟ የእንቁላል ክምችትሽ ቀንሷል፣ ጊዜ ሳታባክኚ አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተዋህደው ወደ ማህፀን የሚመለሱበት ሕክምና) ሞክሪ፣ ካልተሳካ በሌላ ሴት እንቁላል ማድረግ ይቻላል አለችኝ። ታናሽ እህቴ 'የኔን ውሰጂ' ብላኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ናሙና የሚሰጥበት መንገድ ሐራም ነው ብሎ እስካሁን አልተመረመረም። አማቴ 'አላህ ያልሰጠውን በመርፌ መፈለግ ቀደርን (የአላህን ውሳኔ) መቃወም ነው' ይላሉ። የተረፉት ሽሎች በረዶ ውስጥ ይቀመጣሉ መባሉም አስጨንቆኛል። ረመዳንም እየመጣ ነው። ምን ላድርግ?"

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ እህቴ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱ ከኋላ ይመጣል። ዘሩ የባለቤትሽ፣ እንቁላሉ የራስሽ፣ ማህፀኑም የራስሽ ከሆነ፣ ኒካሓችሁም (ጋብቻችሁም) ጸንቶ ካለ፣ አይቪኤፍ ይፈቀድልሻል። የእህትሽን እንቁላል መውሰድ ግን አይፈቀድም። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እህት ይህን ያህል ስትራራ "አይሆንም" ማለት ያሳዝናል። ግን አድበስብሼው ባልፍ በኋላ የሚመጣውን ጣጣ የምትሸከሙት አንቺና የሚወለደው ልጅ ናችሁ።

ከአማትሽ ልጀምር። ይህ ነገር ካልጠራ የቀረውን ሁሉ እየፈራሽ ነው የምታደርጊው። እሳቸው ካሉት ግማሹ ልክ ነው። ልጅ ሰጪው አላህ ነው። በሱረቱ ሹራ (42፡49-50) ለሚሻው ሴቶችን፣ ለሚሻው ወንዶችን፣ ለሚሻው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የሚሻውን ደግሞ መካን እንደሚያደርግ ተነግሯል። ከዚህ ተነስቶ "እንግዲያው እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ" ማለት ግን አይቻልም። ነቢዩ ዘከሪያ ዐለይሂ ሰላም አጥንታቸው ደክሞ፣ ራሳቸው ሸብቶ፣ ሚስታቸውም መካን ሆነው ሳለ ልጅ ከመጠየቅ አልቦዘኑም። "ጌታዬ ሆይ! ብቻዬን አትተወኝ" ብለው ለመኑ (21፡89)። ልጅ መፈለግ ቀደርን መቃወም ቢሆን ኖሮ ነቢይ ባልለመነው ነበር። ረሱል ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ደግሞ "ታከሙ" ብለው አዘዋል። ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ የለም ብለዋል። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ሲወጋ "ቀደርን ተቃወምክ" የሚለው የለም። መካንነትም እንዲሁ ነው። ሕክምናው ሰበብ ነው። ሰበቡ እንዲሠራ የሚያደርገው አላህ ነው፣ እንዳይሠራ የሚያደርገውም እሱ ነው። አይቪኤፍ ሞክረው ያልተሳካላቸው ብዙዎች መሆናቸውን ላየ ሰው ይህ ግልጽ ነው።

አማትሽን በዚህ ጉዳይ አንቺ ለብቻሽ አትጋፈጪያቸው። እናቱን ማስረዳት ያለበት ልጃቸው ነው። ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ይንገራቸው። ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ፣ በኛ ቤት ብዙ ጊዜ ይረሳል። እናታችን ዓኢሻ ረዲየላሁ ዐንሃ አልወለዱም። አላህ ዘንድም ሆነ ረሱል ዘንድ ከደረጃቸው የጎደለ ነገር የለም። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ዒድ ላይ "እስካሁን ምነው?" የሚልሽ ሁሉ ይህን ቢያስብ ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ሕጉ። በዓለም የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ እንግሊዝ አገር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1978 ነው። የኛ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) ብዙ አልቆዩም። በመጋቢት 1980 ሸይኽ ጃድ አል-ሐቅ ዐሊ ጃድ አል-ሐቅ በካይሮ ዝርዝር ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) ሰጡ። ያኔ የግብፅ ሙፍቲ ነበሩ፣ በኋላ የአል-አዝሀር ታላቁ ሸይኽ ሆነዋል። በባልና ሚስት መካከል እስከሆነና ሌላ ሰው እስካልገባበት ድረስ ይፈቀዳል አሉ። ከዚያ በጥቅምት 1986 ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) አካዳሚ አማን፣ ዮርዳኖስ ላይ ተሰብስቦ ጉዳዩን ከሐኪሞች ጋር ተወያየበትና በጊዜው የታወቁትን ሰባት መንገዶች አንድ በአንድ ዘረዘረ። አምስቱን ከለከለ፣ ሁለቱን ፈቀደ። የተፈቀዱት የባልን ዘር በቀጥታ ወደ ሚስቱ ማህፀን ማስገባትና የባልና ሚስትን ዘርና እንቁላል ውጭ አዋህዶ ወደዚያችው ሚስት ማህፀን መመለስ ናቸው። ከተከለከሉት መጀመሪያ ላይ የተጠቀሰው ያንቺው ጥያቄ ነው። የባል ዘር፣ የሌላ ሴት እንቁላል፣ የሚስት ማህፀን።

ስለዚህ ሐኪምሽ የምትጠራው ስም አያስጨንቅሽ። ኢክሲ (አንድ የዘር ሴል እንቁላሉ ውስጥ የሚወጋበት) ብትልሽ፣ አይዩአይ (ዘሩ በቀጥታ ወደ ማህፀን የሚገባበት) ብትልሽ፣ ነገ ሌላ አዲስ ስም ቢመጣ፣ የምትጠይቂው ያው አራት ነገር ነው። ዘሩ የማን ነው? እንቁላሉ የማን ነው? የሚያረግዘው ማህፀን የማን ነው? ይህ በሚደረግበት ሰዓት ኒካሑ አለ ወይ? አራቱም ከናንተ ከሁለታችሁ ካልወጡ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሕክምና ብቻ ነው። አንዱ ከወጣ የቴክኖሎጂው ማማር አያድነውም።

የእህትሽን ነገር ትንሽ ልቆይበት። "እንግዳ ሰው አይደለች፣ ሥጋዬ ናት፣ ልጁ የኛኑ ቤተሰብ ይመስላል" ብለሽ አስበሽ ይሆናል። ሰው ሲያስበው ይሄ የተሻለ ይመስላል። በፊቅህ ሚዛን ግን ይብሳል እንጂ አይሻልም። በሸሪዓ ዘር ከዘር የሚገናኘው በኒካሕ ብቻ ነው፣ በባለቤትሽና በእህትሽ መካከል ደግሞ ኒካሕ የለም። አንቺ በትዳሩ እስካለሽ ድረስ ሊኖርም አይችልም። ሱረቱ ኒሳእ (4፡23) ሁለት እህትማማቾችን በአንድ ላይ ማግባትን በግልጽ ከልክሏል። ለባለቤትሽ ከሩቅ ሴት ይልቅ እህትሽ የራቀች ናት ማለት ነው። ያገባች ከሆነች ደግሞ ባሏ አለ። ከእሷ እንቁላል የሚወለድ ልጅ የእሱ ብቻ መሆን አለበት።

ቀጥሎ እናትነቱ አለ። የሚወለደው ልጅ እናት ማን ናት? ሱረቱል ሙጃደላ (58፡2) እናቶቻቸው እነዚያ የወለዷቸው ብቻ ናቸው ይላል። በዚህ ተነስተው ብዙዎቹ ዑለማዎች ያረገዘችውና የወለደችው ናት እናት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የእንቁላሉ ባለቤት ናት ብለው ተከራክረዋል። በዚህ ክርክር ውስጥ የሚያድገው ልጅሽ ነው። እስቲ ወደፊት አስቢው። የእህትሽ ልጆችና ያንቺ ልጅ በወረቀት የአክስት ልጆች ናቸው። በሸሪዓ የአክስት ልጆች መጋባት ይችላሉ። አፋር ውስጥ እንዲያውም የታወቀ ባህል ነው። በደም ግን እነዚህ ልጆች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይህን ከልጁ ደብቃችሁ ትኖራላችሁ? ወይስ ነግራችሁት "እናቴ የትኛዋ ናት?" እያለ ያድጋል? ውርሱስ? እህትሽ ዛሬ በቅን ልብ "ውሰጂ" አለች። ከ15 ዓመት በኋላ ልጁን ባየችው ቁጥር ምን እንደሚሰማት ዛሬ ልታውቅ አትችልም፣ አንቺም አታውቂም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይሰመርበት። ይህ ክልክል ነው ስንል ያደረገው ሰው ሁሉ ዝሙት ሠራ ማለታችን አይደለም። ግንኙነት የለም፣ የዝሙት ቅጣትም አይመለከተውም። የተከለከለው ነሰብን (የዘር ሐረግን) ስለሚያደባልቅ ነው። ይህን የሚያነብና ሳያውቅ አድርጎት ልጅ የወለደ ሰው ካለ ደግሞ ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም። ተውበቱ የትልልቆቹ ነው። ልጁን ዝቅ አድርጎ ማየትም ሆነ በስም መንካት ሐራም ነው።

"ኢንተርኔት ላይ ይቻላል የሚል አየሁ" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ያየው የሺዓዎቹን፣ የኢራንን ነው። የኢራን መሪ የነበሩት አያቶላህ ኻሚነኢ እ.ኤ.አ. በ1999 የሌላ ሰው እንቁላልና ዘር መጠቀምን በቅድመ ሁኔታ ፈቅደዋል። በ2003 ደግሞ የኢራን ፓርላማ ከባልና ሚስት የተገኘ ሽል ልጅ ላጡ ባልና ሚስት እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ቴህራን ውስጥ ትልልቅ ማዕከሎች አሉ፣ ከሌላ አገርም የሚሄድ አለ። ግን እዚያም ቢሆን ልጁ በነሰብ የሚቆጠረው ለዘሩና ለእንቁላሉ ባለቤት እንጂ ለሚያሳድጉት አይደለም ተብሏል። በሺዓ ዑለማዎች መካከልም ስምምነት የለም፣ የኢራቁ አያቶላህ ሲስታኒ የባዕድ ወንድ ዘር ወደ ሚስት ማስገባትን ከልክለዋል። የእንቁላሉን ጉዳይ ሐላል ለማድረግ አንዳንዶቹ ባልየውን ከለጋሿ ጋር በጊዜያዊ ጋብቻ ያስራሉ፤ ይህ በሱኒ መዝሀቦች (የፊቅህ መንገዶች) ተቀባይነት የለውም። ለእህትሽ ደግሞ በእነሱም መንገድ አይሠራም፣ የሁለት እህትማማቾች ክልከላ እዚያም አለና። የምከተለው መዝሀብ አይፈቅድልኝም ብሎ ከሌላው መዝሀብ የሚመቸውን ብቻ መምረጥ ደግሞ ልብን አያሳርፍም።

ጥያቄሽ ውስጥ የለም፣ ግን አማቶች ቤት የሚነሳ ሌላ ሐሳብ ስላለ በዚያው ላንሳው። "ሁለተኛ ሚስት ያግባና እሷ ታርግዝልሽ" የሚል። ይህን ዑለማዎች በቁም ነገር ተወያይተውበታል። መካ የሚገኘው የራቢጣ (የዓለም ሙስሊም ሊግ) የፊቅህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ሁለቱም የአንድ ሰው ሚስቶች ከሆኑ የአንዷ ጽንስ በሌላዋ ማህፀን ቢያድግ ይቻላል ብሎ ነበር። በዓመቱ በ1985 ተሰብስቦ ፈቃዱን አነሳ። ምክንያቱ የሚገርም ነው። ሐኪሞች አንድ ነገር ጠቆሙ፤ ጽንሱ የተተከለላት ሚስት በዚያው ሰሞን ከባሏ በተፈጥሮ ልታረግዝ ትችላለች፣ መንታ ብትወልድ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም፣ አንዱ ቢጨናገፍ የቀረው የማን ነው? ይህን ሲሰሙ ያሉትን አንስተው አዲስ ውሳኔ ጻፉ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው የዑለማዎቹን ጥንቃቄ ስለሚያሳይ ነው። የኛን ልብ መስበር ፈልገው አይደለም የሚከለክሉት፣ ልጁ ነሰቡ ሳይምታታ እንዲያድግ ነው የሚጨነቁት።

እንግዲህ ያንቺ በር የራስሽ እንቁላል ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪምሽ "ጊዜ ሳታባክኚ" ያለችሽን በጣም አክብሪው። ክምችት ቀነሰ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ ግን እየጠበቀሽም አይደለም። በራስሽ እንቁላል ምን ያህል ዕድል እንዳለሽ፣ ስንት ጊዜ መሞከር እንደሚያዋጣ ቁርጥ አድርጋ እንድትነግርሽ ጠይቂያት፤ የሌላ ሰው እንቁላል በሃይማኖትሽ እንደማይሆንም ከመጀመሪያው ንገሪያት፣ ዕቅዱን በዚያ ልክ ታወጣዋለች።

ለዚህም ነው የባለቤትሽ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ። ይህን አንቀጽ ራሱ እንዲያነበው ስጪው። ወንድሜ፣ ለዲንህ መጠንቀቅህ ደስ ይላል፣ አላህ ይጨምርልህ። ግን የዘጋኸው የተከፈተ በር ነው። ከሚስትህ ጋር ሆነህ፣ በሚስትህ እጅ፣ ናሙናውን መስጠት ትችላለህ፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክሊኒኮች ዘሩን የማይጎዳ የተለየ ኮንዶም አላቸው፣ በተለመደው ግንኙነት ጊዜ ተጠቅመህ ክሊኒኩ በሚነግርህ ሰዓት ውስጥ ታደርሳለህ። የፋርማሲውን ኮንዶም ብቻ አትጠቀም፣ ብዙዎቹ ዘሩን ያበላሻሉ። እነዚህ ሁለቱም የማይሆኑበት ሁኔታ ከገጠመህ በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች ለሕክምና አስፈላጊነት ሲባል ብቻህን መስጠትንም ፈቅደዋል። ሌላው ደግሞ ይሄ ነው፦ ችግሩ የሷ ብቻ መሆኑን ማን ነገረህ? ብዙ ቤት ውስጥ ምክንያቱ ከወንዱ ወይም ከሁለቱም ነው። እሷ ስንት ጊዜ ደም ተቀድታ፣ ስንት ጊዜ ተመርምራ አንተ አንድ ናሙና ካልሰጠህ በዲን ስም ሸክሙን ለሷ ብቻ እየተውክ ነው። የምታዘገየው እያንዳንዱ ወር ከሐላሉ መንገድ ላይ የሚቀነስ ነው። በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዝ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ስለ ዐውራ (ከሌላ ሰው መሸፈን ስላለበት የሰውነት ክፍል) አልጠየቅሽም፣ ግን ይመጣል። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ሙስሊም ሴት ሐኪም ከተገኘች እሷ፣ ካልተገኘች የምትታመን ሙስሊም ያልሆነች ሴት፣ ከዚያ ሙስሊም ወንድ፣ ከዚያ ሌላ ወንድ። የሚታየው የሚያስፈልገው ያህል ብቻ፣ ከወንድ ሐኪም ጋር ደግሞ ብቻሽን ሳትሆኚ። ዋናዋ ሐኪምሽ ሴት ብትሆንም እንቁላል የሚወጣበት ቀን ተረኛው ወንድ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመሽ "ሴት ሐኪም ይሁንልኝ" ብለሽ አስመዝግቢ። አሜሪካ ውስጥ ይህን መጠየቅ የተለመደ ነው፣ አትፈሪ። ካልተገኘ ግን ቀኑ አያልፍሽ።

በረዶ ውስጥ ስለሚቀመጡት ሽሎች መጨነቅሽ ልክ ነው፤ ብዙ ሰው ክሊኒኩ የሚሰጠውን የስምምነት ፎርም ሳያነብ ነው የሚፈርመው። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1990 ጂዳ ላይ በሰጠው ውሳኔ ትርፍ እንዳይኖር በእያንዳንዱ ሙከራ የሚያስፈልገውን ያህል እንቁላል ብቻ ማዳቀል ይገባል ብሏል። ከተረፈ ደግሞ ያለ ሕክምና እንክብካቤ ተትቶ ሕይወቱ በራሱ እንዲያበቃ፣ ለሌላ ሴት መስጠት ግን በምንም መልኩ እንደማይፈቀድ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ የግብፅ ዳር አል-ኢፍታእን ጨምሮ ሌሎች የፈትዋ ተቋማት ለእነዚያው ባልና ሚስት፣ በትዳር እስካሉ፣ ከሌላ ሰው ጋር እንዳይቀላቀል ጥብቅ ጥበቃ ካለ ማቀዝቀዝን ፈቅደዋል። ላንቺ ሁኔታ ይህኛው ይመቻል ብዬ አስባለሁ። እንቁላልሽ ጥቂት ነው፣ ሆርሞኑን ደጋግሞ መውሰድም ሰውነትሽን ያደክማል። ሦስት ሽል ቢገኝና አንዱ ቢተከል ሁለቱን ለሚቀጥለው ማስቀመጥ ይቻላል።

አሁን ፎርሙን አውጪ። "ከባልና ሚስት አንዱ ቢሞት፣ ቢፋቱ፣ ክፍያ ቢቋረጥ ሽሉ ምን ይሁን?" የሚል ቦታ አለው። ለሌላ ቤተሰብ ይሰጥ የሚለውን በፍጹም እንዳትመርጡ። በሞትም ሆነ በፍቺ ኒካሑ ሲቋረጥ ሽሉን መጠቀም አይፈቀድም። ባሏ የሞተባት ሴት የቀረውን ሽል ተክላ ልጁ የሟቹ ነው ብትል ዑለማዎቹ አብዛኞቹ አይቀበሉትም፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ፎርሙ ከፈቀደ ክሊኒኩ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ "ይወገድ" የሚለውን ምረጡ። ለምርምር መስጠትን በተመለከተ ልዩነት አለ፣ የፈቀዱም አሉ፣ እኔ ባትገቡበት እመርጣለሁ። "ማስወገዱ ነፍስ ማጥፋት አይሆንም ወይ?" ብለሽ እንደምታስቢ እገምታለሁ። ማህፀን ውስጥ ያልገባ፣ የጥቂት ቀን ዕድሜ ያለው ሽል በብዙ ዑለማዎች ዘንድ እንደ ተፀነሰ ልጅ አይቆጠርም። ሩሕ (ነፍስ) የሚነፋበት ጊዜም በሐዲሱ መሠረት ብዙዎቹ 120 ቀን ላይ ያደርጉታል። ይህ እንቅልፍ አይንሳሽ።

የናሙና መቀላቀል ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። የመካው ምክር ቤት የተፈቀደውን መንገድ እንኳ ሲፈቅድ ላብራቶሪ ውስጥ ስህተት ሊፈጠር ስለሚችል በጣም ካላስፈለገ በቀር አትግቡበት፣ ከገባችሁም እጅግ ተጠንቀቁ ብሎ መክሯል። ክሊኒኩን "ስሞቹን የሚያረጋግጠው ማን ነው? በየደረጃው ሁለት ሰው ያያል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። ጥሩ ክሊኒክ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፣ አሠራሩን ያሳይሻል። ከመትከል በፊት ወንድ ነው ሴት የሚል ምርጫም ያቀርቡልሽ ይሆናል። በዘር የሚተላለፍና በአንዱ ጾታ ላይ ብቻ የሚወጣ በሽታ ከሌለባችሁ በቀር አትግቡበት። ከባድ የዘር በሽታ ካለ ሽሉን መመርመር ግን ሌላ ነገር ነው፣ ብዙዎች ፈቅደውታል።

ገንዘቡን ሳላነሳ አላልፍም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዙር ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ክሊኒኮቹም የብድር ወረቀት ከጎን ያዘጋጃሉ። ወለድ ያለበት ብድር ሪባ ነው፣ ልጅ መፈለግም ሪባን የሚያስፈቅድ የሞት ሽረት ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ የባለቤትሽ ወይም ያንቺ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ይሸፍን እንደሆነ አጣሪ። ሜሪላንድ አንዳንድ ኢንሹራንሶች አይቪኤፍን እንዲሸፍኑ የሚያስገድድ ሕግ ካላቸው ግዛቶች አንዷ ናት፣ ግን ሁሉንም አይነካም። ካልሆነ ከቤተሰብ ቀርድ ሐሰን (ያለ ወለድ ብድር) መጠየቅ አያሳፍርም። እህትሽ ማገዝ ከፈለገች ይህ አንዱ መንገድ ነው። አገር ቤት ማድረግንም ማሰብ ይቻላል፣ አዲስ አበባ ውስጥ በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው የመንግሥት ማዕከል አለ፣ የግልም አሉ።

ረመዳንን በተመለከተ፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋው የሆርሞን መርፌ ምግብ ስላልሆነ ጾምን አያበላሽም። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ውሳኔ በማህፀን በኩል የሚገባ መድኃኒትና የምርመራ መሣሪያም ጾም አያበላሽም ብሏል። የሻፊዒይ ኪታቦች ላይ ግን የተለየ ታገኛለሽና ልብሽ ካልተረጋጋ የማህፀኑን መድኃኒት ከመግሪብ በኋላ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ። እንቁላል የሚወጣበት ቀን ማደንዘዣ አለው፣ ግሉኮስም ሊሰጥሽ ይችላል፣ ያን ቀን አፍጥሪና ቀዷውን (በሌላ ቀን ምትኩን) ታወጫለሽ። ሐኪሟ በእነዚህ ሳምንታት ብዙ ውኃ ጠጪ፣ አትጹሚ ካለችሽ ታማሚ ነሽና አትጹሚ። ረመዳንን ለመጾም ብለሽ ሕክምናውን ወራት አታዘግዪ፣ ጾም ቀዷእ አለው።

የመጨረሻው ያልጠየቅሽኝ ነው፣ ግን ልብሽ ውስጥ እንዳለ ይሰማኛል። ባይሳካስ? ያኔ ልጅ ወስዶ ማሳደግ አለ፣ ትልቅ አጅር ያለው። የቲምን (አባት የሞተበትን ልጅ) የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከኔ ጋር እንዲህ ነው ብለው ረሱል ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ሁለት ጣታቸውን አሳይተዋል። የሚለየው የልጁ አባት ስም እንዳይቀየር መሆኑ ነው። ሱረቱል አሕዛብ (33፡5) በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው ይላልና። ሰዎች "ሲያድግ ባዕድ ይሆናል፣ ሒጃብ ሊለበስለት ነው" ብለው ይሸሻሉ። መፍትሔው ጡት ነው። ወንድ ሕፃን ከወሰዳችሁና ሁለት ዓመት ሳይሞላው እህትሽ ካጠባችው የእሷ የጡት ልጅ ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ አክስቱ፤ ለዘላለም መህረምሽ (ልታገቢው የማይፈቀድ፣ ሒጃብም የማትለብሺለት ዘመድ) ነው። እኛ አገር ብዙው ሰው በሚከተለው በሻፊዒይ መዝሀብ ለየብቻ አምስት ጊዜ መጥባት አለበት። እህትሽ አሁን የምታጠባ ካልሆነች እስክትወልድ ጠብቁ። ሕፃኗ ሴት ከሆነች የሚያስፈልጋት ለባለቤትሽ መህረም መሆን ነው፣ ያኔ የምታጠባት የባለቤትሽ እህት ትሁን፤ እሱ የጡት አጎቷ ይሆናል። ማን ማንን እንዳጠባ፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደሆነ ጻፉና ሁለት ምስክር ያዙ፣ ልጆቹ አድገው ሲያገቡ ይፈለጋልና። የምታሳድጉት ልጅ በሸሪዓ ስለማይወርስ ሁለታችሁም በሕይወት እያላችሁ ኑዛዜ አድርጉለት፣ እስከ ንብረታችሁ ሲሶ ድረስ ይፈቀዳል። ሜሪላንድ ስለምትኖሩ ኑዛዜው የዚያውን አገር ሕግ በሚያውቅ ጠበቃ ይጻፍ።